ታንኩስ የት ደረሰ?

አያቴ ሸሚኖ ነበሩ። ድሬዳዋ ላላደገ ሰው ላስረዳ፤ ሸሚኖ የባቡር ሠራተኛ ማለት ነው። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ ከሐዲዱ ጋር መጥቶ እኛው ጋ ቀረ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዘው ቤት ገቡ። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ነው። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ጥራዙ ላልቷል። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው።

እኔ ያኔ ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነው። ፊደሉን ራሱ በቅጡ አልጨረስኩም፤ ፈረንሳይኛማ ከየት ይመጣል? አባባ የሚያውቁትም የሥራ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የፍሬንና የቡሎን ፈረንሳይኛ። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ነጭ ፊኛ እያሳየሁ «አባባ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚለው?» እላቸዋለሁ። «ሥዕሉን ጠይቀው» ይሉኛል፣ ጆሯቸውን ከሬዲዮኑ ሳያነሱ።

ጠየቅኩት። መለሰልኝ።

እስከ ዛሬ የማስታውሰው አንድ ቦታ አለ። ጺማሙ ካፒቴን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጧል። ፕላስተር ይጣበቅበታል። ሊያስለቅቀው ይሞክራል፣ እጁን ያራግፋል፤ አይለቅም። በመጨረሻ ሄደለት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ተሳፋሪ ላይ ተለጥፎ እናገኘዋለን። ያም ያራግፋል። ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ይቆይና ተመልሶ ካፒቴኑ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ምንጣፉ ላይ ስንከባለል እናቴ «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ትላለች።

ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። ፕላስተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲበር የሚያሳይ ሥዕል የለም። እጁን ሲያራግፍ አንድ ሥዕል አለ፤ ሌላው ሰው ላይ ተለጥፎ አንድ ሥዕል አለ። መሃላቸው ያለው ጣት የማትሞላ ነጭ ክፍተት ብቻ ነው። እኔ ግን ሲበር አይቻለሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ሲበር አየዋለሁ።

ኮሚክ የሚባለው፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተርከው ጥበብ፣ ለኔ ያቺ ክፍተት ነች። ሠዓሊው ይስላል፣ ከዚያ ሆን ብሎ ይተዋል። የተተወውን የሚሞላው አንባቢው ነው። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክ ራሱን በኮሚክ መልክ ባዘጋጀው መጽሐፍ ይህን በደንብ አስረድቷል። ባነበብኩት ጊዜ ግን አዲስ ነገር የተማርኩ አልመሰለኝም። አባባ አስቀድመው ነግረውኝ ነበራ።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠሎች አልነበሩም። ተቀድደው ጠፍተዋል። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆርጦ ይቀራል፤ ጎረምሳው ጋዜጠኛ፣ ካፒቴኑና ጆሮው የከበደው ፕሮፌሰር ታንክ ሰርቀው ወደ ድንበር እየሸሹ ነው። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም። አመለጡ? ተያዙ? ታንኩስ የት ደረሰ?

«አባባ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ታንኩ ግን ወዲህ ሳይመጣ አልቀረም።»

ለሳቸው ታንክ ተረት አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ታንክ አሰልፎ ድሬን ሊይዝ መጥቶ ነበር። ደርሶም ነበር፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። አባባ የዚያን ነሐሴ ድምፅ ሲያወሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ የሳቸውን ወሬ ከመጽሐፉ ጋር ገጣጠምኩት። ታንኩ ድንበሩን አልፎ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በሽንሌ በኩል ድሬ ገባ። ጋዜጠኛው ወርዶ ለገሃሬ አካባቢ ሻይ ጠጣ። ውሻው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሮጠ። ለብዙ ዓመታት የመጽሐፉ መጨረሻ ይህ ነበር።

ጎረምሳው ቲንቲን ነው። እኛ ቤት ከፈረንሳይኛው ወስደን «ታንታን» ነበር የምንለው። የሳለው ቤልጂየማዊ ስሙን ኤርዤ ብሎ ይፈርማል፤ እውነተኛ ስሙ ዦርዥ ረሚ ነው። ቲንቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1929 በአንድ ጋዜጣ የሕፃናት ዕትም ላይ ነበር። ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1983 እስኪሞት ድረስ ከዚህ ልጅ ጋር ኖረ። የእጁን ነገር ማየት ለሚፈልግ አንድ መስመር ይበቃዋል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ጥላ የለም ማለት ይቻላል፣ ጭረት የለም፣ ቀለሙ ልሙጥ ነው። ፊቱ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት፤ ከጀርባው ያለው መኪና ግን ቡሎኑ ሳይቀር የተሳለ። ሆላንዳዊው ዮስት ስዋርተ እ.ኤ.አ. በ1977 «ጥርት ያለ መስመር» ብሎ ስም አወጣለት። የድሬ ቀትር እንደዚያ ይመስለኛል። ስድስት ሰዓት ላይ ከዚራ መንገድ ላይ ስትቆም ጥላ የለም፤ ሁሉ ነገር በአንድ መስመር ተከብቦ ይታይሃል።

ኤርዤን ስወደው አንድ ነገር ደግሞ ያመኛል፤ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሁለተኛው ታሪኩ ቲንቲንን ወደ ኮንጎ ይወስደዋል፤ እዚያ ውስጥ ያሉት ጥቁር ሰዎች ሰው ሆነው አልተሳሉም። ከንፈርና ዓይን ብቻ ናቸው። ያንን መጽሐፍ ያየሁት ሃያ ዓመት አልፎኝ ነው፤ ዘግቼ አስቀመጥኩት። በልጅነቴ አባባ እጅ የገባው እሱ ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማኝ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ኤርዤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 ዣንግ ቾንግረን ከሚባል ቻይናዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ስለማያውቀው አገር ከመሳሉ በፊት መጠየቅን የተማረው ከእሱ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሳለው ቻይና ከኮንጎው ጋር ሲነጻጸር የአንድ ሰው እጅ አይመስልም። አንድ ጓደኛ አንድን እጅ እንዲህ ሊለውጥ ይችላል። ኮንጎዎቹ ግን እንደዚያ ያለ ጓደኛ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ድሬን የሚነካ ነገር አለ። ስለ ፈርዖን ሲጋራዎች በሚተርከው ታሪክ ውስጥ ቀይ ባሕር ላይ ቲንቲንን የሚያገኘው የመርከብ ካፒቴን የተቀዳው ከአንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። ሞንፍሬድ የጦር መሣሪያና የሐሺሽ ኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ በኋላም ጸሐፊ የሆነ ፈረንሳዊ ነው። እዚሁ ድሬ ዱቄት ፋብሪካ ነበረው። የዚህች ከተማ ሰው ሳናውቀው አልበሙ ውስጥ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። ትልቁ ሁጎ ፕራት ነው።

ስለሱ ያነበብኩት አንድ ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን። ፕራት ጣሊያናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ተወለደ። ኮርቶ ማልቴዜ የሚባለውን መርከበኛ የፈጠረው እሱ ነው። ኮሚክ ለአዋቂ የሚሆን ሥነ ጽሑፍ ነው ብሎ አውሮፓን ያሳመነ ሰው ቁጠሩ ቢባል ስሙ ከፊት ይመጣል። በአሥር ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ከእናቱ ጋር ወደ አገራችን መጣ። አባቱ የፋሺስቱ ወረራ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ አባቱ ተማረከ፤ በሚቀጥለው ዓመት በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። ልጁና እናቱ ደግሞ የጣሊያን ሲቪሎች በሚጠበቁበት ካምፕ ገቡ። ካምፑ የነበረው ድሬዳዋ ነው። ልጁ እዚያ እያለ ከዘቦቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁት። ድሬ። ከዘቦቹ። ኮሚክ።

አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ የሉም። ሙቀቱን ድሬ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። በእጁ የገባው ኮሚክ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ አይመስለኝም፤ ዘቦቹ የእንግሊዝ ጦር ነበሩ። መጀመሪያውና መጨረሻው ተሟልቶ የተገኘም አይመስለኝም። ወታደር ኪስ ውስጥ የሚገኝ ነገር ምን ጊዜም ቁራጭ ነው። እንደኔው ሥዕሉን እየጠየቀ፣ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ያነበበ መሰለኝ። ይህ ግምቴ ነው። ግን ገጾቹን ሳያቸው ግምቴ ይጠናብኛል።

የፕራት ገጽ ከኤርዤ ተቃራኒ ነው። ኤርዤ ቡሎኑን ይስላል፤ ፕራት ይተዋል። በብሩሽ ጥቁር ቀለም ይጥላል፤ ጥቁሩ ጥላ ይሁን ሰው ወዲያው አትለይም። የሚያደንቀው ሚልተን ካኒፍ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ብሩሹ የሱን ትምህርት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ አርጀንቲና ሄዶ ኤክቶር ኦስተርኸልድ ከሚባል ደራሲ ጋር ብዙ ሠራ። ኮርቶን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። መጀመሪያ ስናየው ውቅያኖስ መሃል እንጨት ላይ ታስሮ ነው። አንድ ሰው፣ እንጨት፣ ውሃ። ሌላ ምንም የለም። አንባቢው ግን ፀሐይዋ ታቃጥለዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮርቶን ወደዚህ ቀጣና አመጣው። ታሪኮቹ የመን፣ ሶማሌ በረሃና ኢትዮጵያ ላይ ይሄዳሉ። እዚያ ኩሽ የሚባል ተዋጊ አለ። ለኮርቶ አይሰግድም። ይከራከረዋል፣ ይዘልፈዋል፣ አንዳንዴም ያሸንፈዋል። በረሃው ደግሞ አንዳንድ ሣጥን ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከመስመሩ በላይ ባዶ፣ ከመስመሩ በታች ባዶ። ከድሬ በስተሰሜን በባቡሩ የተጓዘ ሰው ያንን መስመር ያውቀዋል። ከምናብ የመጣ አይደለም። ታይቶ የተሳለ ነው።

ልጁ የወራሪ ልጅ እንደነበር አልረሳም። የኛ ሰዎች በዚያው ዘመን ምን እንደደረሰባቸው ቤተሰቤ ውስጥ የሚያወሩ ነበሩ። ለፕራት ሐውልት ይቁምለት እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። የዚህ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ ፓሪስ አለ፣ ኒውዮርክ አለ፣ ቶኪዮ አለ። አንድ መስመር ድሬ ላይም ያልፋል። የከተማዬ ልጆች ይህን ሳያውቁ ማደጋቸው ይቆጨኛል።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በኛ አፍ «ኮሚክ» ማለት አስቂኝ ሰው ነው። «እሱማ ኮሚክ ነው» እንላለን። ስለዚህ ኮሚክ የሚባል መጽሐፍ ስናይ ለሳቅ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ጣሊያኖች «ፉሜቲ» ይሉታል፤ ትንንሽ ጢሶች እንደማለት ነው፤ ከአፍ የሚወጣውን የንግግር ፊኛ አይተው ነው። እንዴት ያለ ስም ነው! ክረምት ጠዋት ሐረር ላይ ሰው ሲናገር ከአፉ የሚወጣውን ጭስ አስቡት።

ይህን ጥበብ ማን ጀመረው ለሚል ጥያቄ አብዛኛው ሰው የጄኔቫውን መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈርን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለተማሪዎቹ እየሳለ ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ያስቀምጥ ነበር። እሺ፣ ይሁን። ግን አያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውስ?

ሸራ ላይ የተሳለ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። 44 ሣጥን አለው፤ ከየሣጥኑ ሥር በአማርኛ አጭር ጽሑፍ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ስለበዛ ማየት አቁመናል እንጂ። አንዴ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዘንዶው ይነግሣል። አጋቦስ የሚባል ሰው መርዝ ያበላው ፍየል ለዘንዶው ይሰጣል። በሚቀጥለው ሣጥን ዘንዶው ሞቷል። ሲውጥ፣ ሲንፈራገጥ፣ ሲሞት ያለው ሁሉ መሃል ላይ ባለችው መስመር ውስጥ ነው። ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት ምግብ ትበላለች፤ ማታ ውሃ ታነሳለች። ሰሎሞን ይይዛታል። የሦስት ሣጥን ነገር ነው፣ የአንድ አገር ታሪክ የቆመበት። አሳሳሉም የራሱ ሰዋስው አለው፤ ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ምንም ሳታነብ ማን ማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ሴት አያቴ ቡና እያፈሉ በጭልፋ እጀታ ሣጥኖቹን እየነኩ ይተርኩልን ነበር። ጎረቤታችን አንዲት አረጋዊት ሐረሪ ነበሩ፤ ቡና ላይ አይጠፉም። እሳቸው ያንኑ ሸራ እያዩ የቢልቂስን ታሪክ ይነግሩናል። ቢልቂስ ያቺው ንግሥት ናት፣ በእስልምናው ወግ። የሳቸው ታሪክ ውስጥ ሁድሁድ የምትባል ወፍ አለች፤ ለንጉሡ ወሬውን የምታመጣው እሷ ናት። «ወፏ የታለች?» ብዬ ሸራው ላይ ብፈልግ አጣኋት። «እዚህ ጋ አልፋ ሄዳለች» አሉኝ፣ በሁለት ሣጥን መሃል ያለውን መስመር በጣታቸው እየነኩ። አያቴ ሳቁ። አልተከራከሩም። እኔም ያቺን ወፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያታለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳቸው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ የሐኪምነት ትምህርቱን ጨርሶ ብሩሹን መረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ማንጋን፣ የጃፓኑን ኮሚክ፣ እንደ ፊልም እንዲሄድ አደረገው። ዊል አይስነር እ.ኤ.አ. በ1978 የተከራይ ድሆችን ኑሮ በኮሚክ ጻፈ፤ ስለ ጀግና ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሐዘን። አርት ስፒግልማን የአባቱን የአውሽቪትዝ ታሪክ በአይጥና በድመት ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። ማርጃን ሳትራፒ የቴህራን ልጅነቷን በጥቁርና በነጭ ብቻ ሳለች። የአይቮሪ ኮስቷ ማርግሪት አቡዌ ደግሞ የአቢጃን ሰፈር ልጃገረዶችን ፍቅርና ጠብ ጻፈች፤ ረሃብም ጦርነትም የሌለበት አፍሪካ። የሷን ሳነብ የድሬው ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለሁ መሰለኝ።

አማርኛስ? እኔ ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ባይ ነኝ። ልቤ ሞልቶ ነው የምናገረው። ሌላው ዓለም ለድምፅ ቃል ሲፈልግ ይኖራል። እኛ ዷ! አለን፣ ጓ! አለን፣ ቿ! አለን። ከድምፅም አልፎ የሚታየውን በቃል እናስደምጣለን፤ ብልጭ፣ ድርግም፣ እልም፣ ዱብ። ጃፓኖች ማንጋ ላይ ለዝምታ ድምፅ ይጽፋሉ፣ «ሺን» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ያደንቅላቸዋል። እኛ «ጭው» አለን። ጭው ያለ በረሃ። አንድ መስመር አስምር፣ ከላዩ «ጭው» ብለህ በትልቁ ጻፍ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ2018 ኤታን ኮሚክስ የሚባለው አሳታሚ ልዩ ኃይል ስላለው ጀግና የሚተርከውን «ጀምበር»ን ሲያወጣ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ፊኛ ውስጥ ፊደላችን ተቀምጦ ሳይ ደስ ያለኝን አልረሳም። የኛው ልጅ፣ የኛው ከተማ፣ የኛው ፊደል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ከዚያ በላይ የምመኘው ግን ኃይል የሌለው ሰው ታሪክ ነው። የሸሚኖ ታሪክ። የቀፊራ ነጋዴዎች ታሪክ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው የወሰደበት ታሪክ። ያን ሌሊት በቃል ለመጻፍ ሞክሬ አቅቶኛል። በኮሚክ ግን ሁለት ሣጥን ይበቃ ነበር፤ አንዱ ላይ የተኛ ሰፈር፣ ሌላው ላይ ጠዋት። መሃሉን የድሬ ሰው ራሱ ያውቀዋል።

በልጅነቴ ደብተሬ ላይ ሣጥን እየከፈልኩ ስስል አንድ መምህር ይዘውኝ ገጾቹን ቀደዱብኝ። «ካርቱን የሕፃን ነው» አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ ተሰበረ ልበል፤ ማንበብ እንጂ መሳል አልተመለስኩበትም። ዛሬ የምጽፈው እንደ አንባቢ ብቻ ነው። ልጃችሁ ደብተሩ ላይ ሣጥን ሲከፍል ካያችሁ እባካችሁ አትቅደዱበት።

መጽሐፉን ሙሉውን ያገኘሁት ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ከጅቡቲ የሚመላለስ ወዳጄ አመጣልኝ። 62 ገጽ ነው። የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጬ ገለጥኩት። የማውቃቸውን ገጾች አለፍኩ፤ አውቶቡሱን፣ ፕላስተሩን፣ ታንኩን። ከዚያ ዓይቼው የማላውቀው ወረቀት መጣ። እጄ ከበደኝ።

ያመልጣሉ። ቤታቸው ይገባሉ። ፕሮፌሰሩ መስታወት በድምፅ የሚሰባብር ነገር ፈልስፎ ነበር፤ ሁሉ ሲያሳድደው የነበረውም ለዚያ ነው። በመጨረሻ ንድፉን ራሱ ያቃጥለዋል፣ ማንም የጦር መሣሪያ እንዳያደርገው።

አባባ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰሱት። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ መጨረሻውን ነገርኳቸው።

«ንድፉን አቃጠለው?»

«አቃጠለው፣ አባባ። ለጦርነት እንዳይውል።»

ብዙ ዝም አሉ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ታንኩስ?»

ገለበጥኩ። ወደ ኋላ ተመልሼም አየሁ።

«ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አይናገርም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እዚሁ ነዋ ያለው» አሉ፣ አገጫቸውን ወደ ሽንሌ በኩል አንስተው።